ቁጣና ትዕግሥት በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሕይወት

በመቀሌ የኖረ ሰው ሁሉ የዐፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት ያውቀዋል። በድንጋይ የተገነባው ይህ ሕንጻ ከ1874 እስከ 1876 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሲሠራ፣ ሥራውን የመራው ጃኮሞ ናሬቲ የተባለ ኢጣልያዊ አናጢ ነበር። ያ አናጢ ለንጉሠ ነገሥቱ ከእንጨት የተቀረጸ ዙፋን ጭምር ሠርቶላቸዋል። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የአናጢው አገር ወታደሮችና የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ዶጋሊ ላይ ተፋጁ። ስለዚህ ይህን ግንብ የሚያይ ሰው የአንድን ገዥ ሁለት ገጽ አብሮ ያያል፤ የውጭውን ሰው በጥበቡ አክብሮ የሚያስጠጋውን ገጽና ድንበሩ ሲደፈር ክንዱን የሚያነሣውን ገጽ።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ዐፄ ዮሐንስ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ የተነገረውን የጦርነት ዝርዝር መድገም እንደማይጠቅም ተሰማኝ። የማኅበራችን አባላት በየሥራቸው በስብሰባ አዳራሽ፣ በሽምግልና ወንበርና በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ከማይስማሟቸው ሰዎች ጋር ይቀመጣሉ። ይህች ከተማም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የወረደባትን መከራ ተሸክማ፣ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመው ስምምነት የጦርነቱን ማቆም ያየች ከተማ ናት። የተበደለ ሰው ቁጣውን የት ያድርሰው? መቼ ይናገርበት፣ መቼስ ይዋጠው? ቁጣውን ቢውጠው ፈሪ ይባላል፤ ቢለቀው ደግሞ ያለውንም ያጣል። ዐፄ ዮሐንስ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ኖረው በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ሞቱ። የሕይወታቸውን ታሪክ በዚህ ዓይን ለማየት እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከተንቤን እስከ አክሱም

ካሣ ምርጫ በሐምሌ ወር 1829 ዓ.ም. በተንቤን፣ ማይ በሃ በተባለ ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ሹም ተንቤን ምርጫ ወልደ ኪዳን፣ እናታቸው ወይዘሮ ስላስ ድምፁ ነበሩ። በአባታቸው ከተንቤን፣ በእናታቸው ከእንደርታ ባላባቶች የሚወለዱ በመሆናቸው በትግራይ የትውልድ ክብር አልጎደለባቸውም። ሆኖም በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ላይ የተወለደ የባላባት ልጅ ትውልዱን ብቻ ይዞ የትም እንደማይደርስ ያውቅ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አገሩን በኃይል አንድ ለማድረግ በተነሡበት ዘመን ካሣ ጎልማሳ ሆኑ፤ ቆይተውም በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ሸፈቱ።

የመጀመሪያውን ትልቅ የፖለቲካ ውሳኔያቸውን ያደረጉት በ1860 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ በመቅደላ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት በቀይ ባሕር በኩል ሲገባ መንገዱ በትግራይ ላይ ያልፍ ነበር። ካሣ ጦሩን ሊዋጉት ወይም ሊሸሹት ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን ተነጋገሩት። ጦሩ ሥራውን ፈጽሞ ከአገር እንደሚወጣ ቃል ስለ ተገባላቸው መንገድና ስንቅ ሰጡት። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ሲያጠፉ፣ እንግሊዞች በቃላቸው መሠረት ተመልሰው ሄዱ፤ ለካሣም መድፎች፣ ብዙ መቶ ጠመንጃዎችና ባሩድ ትተውላቸው ሄዱ።

በዚህ ውሳኔያቸው ካሣን የሚወቅሱ ሰዎች በዘመናቸውም ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም። የባዕድ ጦር በአገር ላይ ሲያልፍ ዝም ማለት ቀላል ነገር አይደለምና ወቀሳው መሠረት የለውም አይባልም። ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚጠቅመን ካሣ ከዚህ የተማሩት ትምህርት ነው። ኃይለኛ የሆነ የውጭ ኃይል እንኳ ቃል ከገባ ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ድርድርም ጥይት ሳይተኮስ ብዙ እንደሚያስገኝ ተማሩ። ይህ እምነት በሕይወታቸው ዘመን ሁሉ ተከትሏቸዋል፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በእንግሊዞች ዘንድ ክፉኛ ተፈትኗል።

ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዙፋኑን የያዙት የላስታው ዋግሹም ጎበዜ፣ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነበር። ባለቤታቸው የካሣ እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫ ስለ ነበሩ ሁለቱ ሰዎች አማቾች ናቸው። ዝምድናው ግን ጦርነቱን አላስቀረውም። በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በአሳም ሲገጣጠሙ፣ የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ የካሣ ሠራዊት ግን የተሻለ መሣሪያ ይዞ፣ ጆን ኪርክሃም በተባለ እንግሊዛዊ ሥልጠና ተሰጥቶት ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ። ካሣም በጥር ወር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተባሉ።

ደብዳቤ አስቀድሞ፣ ጦር በኋላ

ዘውዱ ገና ከራሳቸው ላይ ሳይደላደል የግብፅ መንግሥት በሙንዚንገር አማካይነት በ1864 ዓ.ም. ከረንን ያዘ። ሙንዚንገር በትውልዱ የስዊስ ሰው ሆኖ በግብፅ አገልግሎት ይሠራ ነበር። በዚህ ጊዜ ዐፄ ዮሐንስ የወሰዱት እርምጃ ባሕርያቸውን በግልጽ ያሳያል። ዘምተው ከረንን ለማስለቀቅ አልተጣደፉም። ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጻፉ፤ ኪርክሃምንም መልእክተኛ አድርገው ላኩ። ክርስቲያን የሆነች አገር በጎረቤቷ መወረሯን ዓለም እንዲያውቅላቸውና ነገሩን በዳኝነት እንዲያይላቸው ለመኑ። የአውሮፓ መንግሥታት መልስ ከትሕትና ቃል ያለፈ አልነበረም። የስዌዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ተከፍቶ ስለ ነበር የግብፅ ወዳጅነት ለእነርሱ ከኢትዮጵያ ይልቅ ይጠቅማቸው ነበር።

ልመናው ፍሬ አለመስጠቱ ከታወቀ በኋላ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ቁጣቸውን አወጡ። በኅዳር ወር 1868 ዓ.ም. በዴንማርካዊው አረንድሩፕ የሚመራው የግብፅ ጦር መረብን ሊሻገር ሲል ጉንደት ላይ ተደመሰሰ። በዚያው ዓመት በየካቲት ማለቂያና በመጋቢት መግቢያ ላይ፣ ከአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የመጡ መኮንኖች ጭምር የነበሩበት ከፊተኛው የሚበልጥ ጦር ጉራዕ ላይ ድል ተመታ። ከተማረከው መሣሪያ የተነሣ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ከዚያ በፊት ባልነበረው መጠን ታጠቀ። ከተራ ባላገር ቤት የተወለዱት አሉላ እንግዳም በእነዚህ ዘመቻዎች ስማቸው ገነነና ቆይተው ራስ አሉላ ተባሉ።

ከጉራዕ በኋላ የሆነው ነገር የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ያሸነፈው ሠራዊት ፊቱን ወደ ምጽዋ ቢያዞር የሚከለክለው የሚመስል ኃይል አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ ግን ሠራዊታቸውን ወደ ባሕር አልነዱትም። ብላታ ገብረ እግዚአብሔርን የሰላም መልእክተኛ አድርገው ወደ ካይሮ ላኩ፤ የግብፅ መንግሥት ግን መልእክተኛውን አጉላልቶ ያዘው። ቆይቶም በሱዳን የግብፅ አገረ ገዥ የነበረው እንግሊዛዊው ጎርደን ተደራዳሪ ሆኖ መጣ፤ በጥቅምት ወር 1872 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኘ። ንግግሩ በመከፋት ተቋረጠ፤ ጎርደን በእጁ የያዘው ሥልጣን ቦገስን እንኳ የሚያስመልስ አልነበረምና።

ባሸነፉ ማግስት ያሸነፉትን ሰው ሰላም መጠየቅ ለብዙዎች የማይገባ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ያሳሰባቸው ግን የግብፅ ጦር ብቻ አልነበረም። ከግብፅ ጀርባ አውሮፓ ነበረች፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚመጣላትም ከእስክንድርያ ነበር፤ በስተደቡብም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ገና አልገቡላቸውም። ድሉን ወደ ውል ለመለወጥ የፈለጉት ይህን ሁሉ አስበው ነው። በዚህ ትዕግሥት የተነሣ ቦገስ ለስምንት ዓመት ያህል በግብፅ እጅ ቆየ፤ አገሪቱ ግን ሁለተኛ ትልቅ ጦርነት ሳይነካት ውስጧን ለማደራጀት ጊዜ አገኘች።

ከሸዋ ጋር የተደረገው እርቅ

ምኒልክ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመሞታቸው በፊት ጀምሮ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት እያሉ ይጠሩ ነበር፤ በግብፅ ጦርነት ጊዜም ለዐፄ ዮሐንስ የረዱት ነገር አልነበረም። እንዲያውም ከግብፅ ጋር ሲጻጻፉ ነበር። ስለዚህ በ1870 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ወደ ሸዋ ሲዘምት ቁጣው በቂ ምክንያት ነበረው። ሁለቱ ጦሮች ተፋጠው በቆሙ ጊዜ ግን የሃይማኖት አባቶች በመካከል ገቡ፤ ነገሩም በመጋቢት ወር ልቼ ላይ በስምምነት አለቀ። ምኒልክ በአገሩ ልማድ ድንጋይ ተሸክመው ቀርበው ገቡ፤ የንጉሠ ነገሥትነትን ስም ተዉ፤ ግብርም ለመክፈል ተስማሙ። ዐፄ ዮሐንስም ድንጋዩን ካስወረዱላቸው በኋላ በእጃቸው የሸዋ ንጉሥ አድርገው ዘውድ ጫኑላቸው።

ይህ አሠራር ከዐፄ ቴዎድሮስ አሠራር የተለየ ነበር። ቴዎድሮስ የየአገሩን ባላባት ነቅለው በራሳቸው ሰው ለመተካት ሞክረው ነበር፤ ዮሐንስ ግን የገባውን በቦታው አጽንተው፣ ክብር ጨምረው ማስተዳደርን መረጡ። በጥር ወር 1873 ዓ.ም. የጎጃሙን ራስ አዳል ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሡ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ ነገሥታት ስለ ደቡቡ አገር ተጣልተው እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ምኒልክ አሸንፈው ተክለ ሃይማኖትን ማረኩ። ዐፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ሁለቱንም ተቆጧቸው፤ ከሁለቱም ላይ ግዛት ነሡባቸው። ዳሩ ግን ከቅጣቱ ቀጥሎ የመጣው ሰርግ ነበር። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳረች። ቁጣውን ቅጣት፣ ቅጣቱንም ዝምድና ይከተለው ነበር፤ በቁጣው የተገፋ ሰው የሚመለስበት በር ሁልጊዜ ይተውለት ነበር።

ቦሩ ሜዳ

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ንጉሠ ነገሥቱ ቁጣንና ትዕግሥትን በትክክለኛ ሚዛን የያዙ ሰው ነበሩ ብሎ ሊፈርድ ይችላል። የታሪኩ ከባድ ክፍል ግን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ክፍል ዘልሎ የሚሄድ ጸሐፊ ንጉሡን ያከበረ ይመስለዋል እንጂ ለአንባቢው አልረዳውም።

ከልቼ ስምምነት በኋላ፣ በዚያው በ1870 ዓ.ም.፣ በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ትልቅ የሃይማኖት ጉባኤ ተሰበሰበ። በመጀመሪያ የታየው በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲያከራክር የነበረው የልደት ነገር ነው። የሁለት ልደት ትምህርት ጸንቶ፣ በሸዋ ብዙ ተከታይ የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ ደግሞ ከክርክር ያለፈ ነበር። የወሎ ሙስሊሞች በተወሰነ የጊዜ ገደብ ውስጥ ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዘ፤ ሹማምንቱም ሹመታቸውን የሚይዙት ተጠምቀው ከሆነ ብቻ ሆነ። ከወሎ ባላባቶች መካከል መሐመድ አሊ ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አነሥተዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ እኒህ ሰው ኋላ የልጅ ኢያሱ አባት የሆኑት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ሌላው ባላባት አባ ዋጠውም በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያደረጉበትን ምክንያት መረዳት ይቻላል። ግብፅ በ1864 ዓ.ም. ከረንን፣ በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ሐረርን ይዛ አገሪቱን እየከበበች ነበር። ዮሐንስ የመንግሥቱ ግንብ የሃይማኖት አንድነት ነው ብለው አመኑ፤ በመካከል አገር ያለው ወሎ ከከባቢው ኃይል ጋር ያብራል ብለውም ሰጉ። ምክንያቱን መረዳት ግን ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም። ከምኒልክ ጋር ሲሆን ተጠባብቀው፣ ሽማግሌ አስገብተው፣ በር ትተው ያደረጉትን ሁሉ ከወሎ ባላገር ጋር አላደረጉትም። ምኒልክ የተጠየቁት ማዕረግና ግብር ነበር፤ ማዕረግንና ግብርን መደራደር ይቻላል። የወሎ ሰው የተጠየቀው ግን የራሱን ማንነት፣ የአባቶቹን መቃብርና የሚጸልይበትን ቃል ነበር። ይህ ለመደራደሪያ የሚቀርብ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የሆነው ነገር የሚጠበቅ ነበር። አንዳንዱ በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ከፊሉ ቤቱንና መሬቱን ትቶ ወደ ደቡብ ተሰደደ። ሌላው ደግሞ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉ የሃይማኖት ሰዎችን ተከትሎ መሣሪያ አነሣ፤ አመፁም ለዓመታት ሳይጠፋ ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ ሊያስወግዱት የፈለጉትን አደጋ ራሱን ትእዛዛቸው ወለደው፤ ሼህ ጦልሃን የመሳሰሉት ሰዎች ከምዕራብ ድንበር ማዶ ከተነሡት ማህዲስቶች ጋር እስከ መገናኘት ደረሱ።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ከመቀሌ በስተሰሜን፣ ከውቅሮ አለፍ ብሎ የሚገኘው ነጃሺ፣ በትውፊት እንደሚነገረው በ7ኛው ምእት ዓመት ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ጥገኝነት ያገኙበትን ዘመን የሚያስታውስ ስፍራ ነው። ያ የጥንት ንጉሥ እንግዶቹን ሃይማኖታችሁን ለውጡ ሳይል አስጠጋቸው። የዐፄ ዮሐንስ ባለቤት፣ የራስ አርአያ ሥላሴ እናት ራሳቸው ከአፋር ሙስሊም ቤተሰብ ተወልደው ክርስትናን የተቀበሉ ነበሩ። በአገሩ ልማድም፣ በቤታቸውም ውስጥ ከቦሩ ሜዳው ትእዛዝ የተለየ መንገድ እንደ ነበረ ማየት ይቻል ነበር ማለት ነው።

የዓድዋው ውልና የምጽዋ ነገር

በሱዳን የማህዲ እንቅስቃሴ ተነሥቶ በየከተማው ያሉትን የግብፅ ወታደሮች በከበበ ጊዜ፣ ግብፅን በቁጥጥራቸው ሥር ያደረጉት እንግሊዞች የዐፄ ዮሐንስ እርዳታ አስፈለጋቸው። አድሚራል ሄዌት ወደ ዓድዋ መጣ፤ በግንቦት ወር 1876 ዓ.ም. ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት ቦገስ ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ በምጽዋ በኩል ዕቃም መሣሪያም ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በግዛቷ አልፈው እንዲወጡ ትረዳለች። ስምንት ዓመት የፈጀው ትዕግሥት ፍሬ ያፈራ መሰለ። ኢትዮጵያም ግዴታዋን ፈጸመች፤ ራስ አሉላ የተከበቡትን አስወጡ፤ በመስከረም ወር 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ከማህዲስቶች ጋር ከባድ ውጊያ አድርገው ብዙ ሰው ሰዉ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ውል ምክንያት የማህዲስቶችን ጠላትነት ገዙ። በምትኩ ያገኙት ግን ዘላቂ አልሆነም። ውሉ ከተፈረመ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር ወር 1877 ዓ.ም.፣ ኢጣልያኖች በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዙ። ነጻ ይሆናል የተባለው በር በሌላ ቁልፍ ተዘጋ። ከናፒየር ጋር የተደረገው ውል የተከበረው እንግሊዞች ከዚያች አገር የሚፈልጉት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው ነው፤ አሁን ግን የሚፈልጉት ነበራቸው። ውል የሚጸናው ሁለቱም ወገን በመጽናቱ ሲጠቀሙ ወይም በመፍረሱ ሲጎዱ እንደ ሆነ ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ጊዜ ዐወቁ።

ኢጣልያኖች ከምጽዋ ወደ ውስጥ እየገፉ ሰዓጢን በያዙ ጊዜ ራስ አሉላ መታገሥ አልቻሉም። አሉላ ዘመናቸውን በዚያ ድንበር ያሳለፉ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድና መተላለፊያ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ በጽሑፍ የሚደረግ ክርክር ጠላትን ጊዜ እንደሚሰጠው ያምኑ ነበር። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ወደ ሰዓጢ የሚሄደውን አምስት መቶ ያህል የኢጣልያ ጦር ዶጋሊ ላይ አግኝተው ፈጁት። ይህን ጦርነት ንጉሠ ነገሥቱ እንዳላዘዙት ይታመናል። በአንድ መንግሥት ውስጥ፣ በአንድ ጠላት ላይ፣ ሁለት የመታገያ መንገዶች ጎን ለጎን ቆሙ። የአሉላ መንገድ የወራሪው እግር ሳይተከል መቁረጥ ነበር፤ የዮሐንስ መንገድ ደግሞ ሕጋዊ መብትን ይዞ የአውሮፓን ዳኝነት መጠየቅ ነበር። ሁለቱም አገራቸውን ይወዱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የተቆጡበትን ሰው አሳልፈው ለመስጠት ግን አልፈለጉም፤ ይህንም የሚያሳየው ቀጥሎ የሆነው ነው።

በ1880 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ጄራልድ ፖርታልን አስታራቂ አድርጎ ላከ። ያመጣው የኢጣልያን ጥያቄ ይቅርታ መጠየቅንና መሬት መልቀቅን የያዘ ነበር። ፖርታል ንጉሠ ነገሥቱን ያገኛቸው በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ነው። ዐፄ ዮሐንስ እንግዳውን በክብር ተቀበሉት፤ ጥያቄውን ግን አልተቀበሉም። በዓድዋው ውል ለኢትዮጵያ የተሰጠው መሬት እንደገና ለንግግር የሚቀርብበት ምክንያት እንደሌለ፣ የመጣውም ሰው ከቤቱ የመጣ እንጂ እርሳቸው ወደ ሰው ቤት እንዳልሄዱ አስረዱ። ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ እምቢ ማለት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በሕይወታቸው አይገኝም።

ከዚያም በመጋቢት ወር እጅግ ብዙ ሠራዊት ይዘው ሰዓጢ ድረስ ወረዱ። ኢጣልያኖች በምሽግ ውስጥ ሆነው ጠበቋቸው። ምሽጉን በሰው ብዛት ማስለቀቅ ብዙ ሕይወት እንደሚያስከፍል ታያቸው፤ ከኋላቸው ደግሞ ማህዲስቶች በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሣር ውሃ በተባለ ቦታ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፈው ጎንደርን እንዳቃጠሉ፣ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖትም በእርሳቸው ላይ እየተማከሩ እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ሳይዋጉ ተመለሱ። ለአንድ ድል አድራጊ ንጉሥ ከጠላት ምሽግ ፊት መመለስ እንዴት እንደሚመር መገመት አያዳግትም።

የመጨረሻው ዓመት

ከሰዓጢ ከተመለሱ በኋላ ያለው ጊዜ የኀዘን ጊዜ ነው። በ1880 ዓ.ም. ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ሞቱ፤ ከሸዋ ጋር የተሳሰሩበት የጋብቻ ገመድም አብሮ ተበጠሰ። በ1881 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በተክለ ሃይማኖት ክህደት ተቆጥተው ወደ ጎጃም ዘመቱ። የጎጃም ባላገር በንጉሡ ጥፋት ተቀጣ፤ አገሩ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ቁጣው ምክንያት ነበረው፤ ያረፈው ግን በጥፋተኛው ላይ አልነበረም። በቦሩ ሜዳ የታየው ጉድለት እዚህም ተደገመ። ከኃያል ጋር ሲሆን የሚመዘነው ቁጣ፣ ከደካማ ጋር ሲሆን ሚዛን አጣ።

በዚሁ ጊዜ ውስጥ ግን የትዕግሥት ሰውነታቸው ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። ለማህዲስቱ አዛዥ ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ልከው፣ ሁለቱ አገሮች በየድንበራቸው ተከባብረው እንዲኖሩ፣ ለሁለቱም ጠላት የሆኑትን አውሮፓውያንንም አብረው እንዲከላከሉ ጠየቁ። አሳቡ አርቆ ያስተዋለ ነበር፤ ማህዲስቶች ግን በንቀት መለሱት፤ ሃይማኖትህን ለውጥ ሲሉም ጠየቁ። ዐፄ ዮሐንስ ለወሎ ሰው ያቀረቡት ጥያቄ ለራሳቸው ቀረበላቸው። መልሳቸውም የወሎ ሰው ከሰጠው መልስ የተለየ አልነበረም።

ከሸዋና ከማህዲስቶች ማንን አስቀድመው እንደሚገጥሙ መምረጥ ነበረባቸው። ከገዛ ወገን ጋር ከመጋደል የውጭውን ጠላት መርጠው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዞሩ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሠራዊታቸው የከተማውን ቅጥር ጥሶ ገብቶ ሊያሸንፍ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ። ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። ከመሞታቸው በፊት ራስ መንገሻን ልጃቸውና ወራሻቸው እንደ ሆኑ ተናገሩ። አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አንድ ነበር። ዙፋኑ ለምኒልክ ሆነ፤ ኢጣልያኖችም በዚያው ዓመት ወደ ደጋው ወጥተው አሥመራን ያዙ።

ከዚህ ሕይወት የምናገኘው

የዐፄ ዮሐንስን ትዕግሥት ድክመት ነበር የሚሉ አሉ። ከጉራዕ በኋላ ምጽዋን ቢይዙ፣ አሉላን ቢከተሉ፣ ሰዓጢ ላይ ቢዋጉ ኖሮ የባሕሩ በር አይጠፋም ነበር ይላሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም በርግጥ ሊያውቀው አይችልም። ትዕግሥታቸው ግን ከቁጣ ማጣት የመጣ እንዳልነበረ ጉንደትና ጉራዕ ይመሰክራሉ። ለእርሳቸው ቁጣ የድርድር ተቃራኒ አልነበረም፤ በድርድሩ ጀርባ ቆሞ ቃሉን የሚያከብደው ኃይል ነበር። አሉላ ባይኖሩ ፖርታል አሸንጌ ድረስ አይመጣም ነበር፤ ዮሐንስ ባይኖሩ ደግሞ አሉላ ከዶጋሊ በኋላ ብቻቸውን ይቀሩ ነበር። በአንድ ዓላማ ሥር ለተቆጣውም ለታጋሹም ቦታ መኖር አለበት፤ አንዱ ሌላውን ከሃዲ ወይም ዕብድ ማለት የጀመረ ቀን ሁለቱም ይሸነፋሉ።

ሁለተኛው ትምህርት የከበደ ነው። የሰው ትዕግሥት የሚለካው ከእርሱ ከሚበረታ ሰው ፊት ባለው አቋም አይደለም፤ ከበረታ ጋር ሁሉም ይታገሣል። የሚለካው ከእርሱ በታች ያለ፣ በእምነቱም ሆነ በአኗኗሩ ከብዙኃኑ የተለየ ሰው በፊቱ ሲቆም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ፈተና ወደቁ፤ ለእንግሊዝና ለግብፅ፣ ለምኒልክም የሰጡትን የመነጋገሪያ ጊዜ ለወሎ እናቶችና ለጎጃም ገበሬ ነፈጉ። በመጨረሻው ሰዓት አገር ሁሉ በአንድነት ሊቆምላቸው ሲገባ ከሁለቱ አገሮች የቀረባቸው ድጋፍ የዚያ ዋጋ ነው።

ከእኛ መካከል ማንም የንጉሠ ነገሥትነት ሥልጣን የለውም። ነገር ግን እያንዳንዳችን ከእኛ በታች የሆነ ሰው፣ የእኛን ፊርማ የሚጠብቅ ባለጉዳይ፣ በጉባኤው ላይ ብቻውን የቀረ ድምፅ እናውቃለን። ከበላዮቻችን ጋር ስንነጋገር የምናሳየውን ጥንቃቄ ለእነዚህ እናሳያለን ወይ? በዚህ ከተማ የደረሰው በደል የፈጠረው ቁጣ ተገቢ ቁጣ ነው፤ እንዲጠፋ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር አይገባም። የሚጠየቀው ማረፊያውን እንድንመርጥለት ነው። የዐፄ ዮሐንስ ግንብ በመካከላችን ቆሟል፤ በአጠገቡ ባለፍን ቁጥር ያሠራውን ሰው ድልም ስሕተትም አብረን ብናስብ ለእርሳቸው ክብር አይጎድልባቸውም፣ ለእኛም ይጠቅመናል።